እግርዎን ለማን ያሳያሉ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጅማና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለዚህ እትም እግርን የሚመለከቱትን መርጠናል። ረዘም ያሉትን ሐሳባቸውን ሳንለቅ አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ አባቴ ስድሳውን አልፈዋል፤ የስኳር ሕመም ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗል። ክኒናቸውን አያቋርጡም፣ የክትትል ቀጠሯቸውንም አያሳልፉም። በቅርቡ እግራቸውን ሳጥባቸው ከቀኝ እግር አውራ ጣታቸው ግርጌ መጅ ማውጣቱን አየሁ፤ መሐሉ ጠቆር ብሏል። እርሳቸው «ምንም አላመመኝም» ይላሉ። ጎረቤቶች በምላጭ ተልጦ ቡና ይነስነስበት እያሉ ይመክሩናል፤ ውጭ ሀገር የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ በስልክ «የእግር ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው» ይለኛል። ለመሆኑ እግርን ብቻ የሚያክም ሐኪም አለ? ካለስ ጅማ ላይ የት ይገኛል? (ከሄርማታ)

መልስ፦ ጉዳዩ መጽሔቱ እስኪታተም የሚጠብቅ ስላልሆነ መልሱን አስቀድመን በስልክ ነግረንዎታል፤ ሌሎች አንባቢያንም እንዲያውቁት እዚህ እደግመዋለሁ። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው እግር ላይ የወጣና መሐሉ የጠቆረ መጅ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚቆይ ነገር አይደለም፤ በማግሥቱ መታየት አለበት። ጥቁረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከደደረው ቆዳ ሥር ፈስሶ የረጋ ደም ነው፤ ባለሙያ መጁን በጥንቃቄ ሲልጠው ከላይ ሆኖ ያልታየ ቁስል ከሥሩ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ከጥቁረቱም በላይ ያሳሰበኝ ግን «ምንም አላመመኝም» የሚለው የአባትዎ ቃል ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እግሩ ላይ ወጥቶበት፣ ቀኑን ሙሉ እየረገጠውም ካላመመው፣ የእግሩ ነርቭ ስሜት አጥቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር ረጃጅሞቹን ነርቮች ቀድሞ ስለሚጎዳ ችግሩ ከእግር ጣቶች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ሰውን እንዲያነክስ፣ ጫማውን እንዲያወልቅና እግሩን እንዲመለከት የሚያስገድደው ሕመም ነውና፣ ሕመሙ ሲጠፋ ቁስሉ በየቀኑ እየተረገጠ አጥንት እስኪደርስ ሊጠልቅ ይችላል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ እግርን ብቻ የሚያክም ባለሙያ በእርግጥ አለ፤ ፖዲያትሪስት ይባላል። ሙያው በእንግሊዝ ሀገር በዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ሲሆን፣ በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት የሚፈጅ የራሱ የሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ ተመራቂዎቹም በሆስፒታል ተለማምደው የእግር ቀዶ ሕክምና እስከ መሥራት ይደርሳሉ። መጅ ይልጣሉ፣ ሥጋ ውስጥ የገባ ጥፍር ያወጣሉ፣ ቁስል ያጸዳሉ፣ የአረማመድ ጉድለት ይመረምራሉ፣ ለእግሩ ቅርጽ የሚስማማ የጫማ ውስጥ ንጣፍ ያዛሉ። ወንድምዎ የሚኖሩበት ሀገር ሰው «የእግር ሐኪም» የሚለው እነዚህን ነው።

እኛ ዘንድ ሥራው አለ፤ የተከፋፈለው ባለቤቱ ነው። የነርቭና የደም ዝውውር ምርመራው የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ባሉ የውስጥ ደዌ ሐኪሞችና ነርሶች እጅ ነው። ቁስሉን የሚያጸዳው የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ጥፍሩንና ቆዳውን የሚያየው የቆዳ ሐኪም፣ የአጥንቱን ነገር የሚይዘው የአጥንት ሐኪም፣ አረማመዱን የሚያስተካክለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ የእግር ክሊኒክ የሚል ሰሌዳ ፍለጋ አይዙሩ። አባትዎን በቀጥታ ክትትል ወደሚያደርጉበት ክፍል ይውሰዷቸው፤ ክትትላቸው በጤና ጣቢያ ከሆነ ከዚያ ሪፈር አጽፈው ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይሂዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈሩን ወረቀት አይርሱት፤ ያለ እርሱ ወጪው ከኪስዎ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በክትትል ቀን ወረፋው ረጅም ነው፤ ስኳር ይለካል፣ የደም ግፊት ይታያል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ታካሚው ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ይወጣል። ቀጠሮ የማያሳልፉት የአባትዎ መጅ እርስዎ እስኪያዩት ድረስ ሳይታወቅ መቆየቱም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሐኪሙ ጠየቀም አልጠየቀም፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ጫማቸውንና ካልሲያቸውን እንዲያወልቁ ያድርጓቸው። የቀረበ እግር ሳያይ የሚያልፍ ባለሙያ ጥቂት ነው።

ምርመራው አያምም፣ ጊዜም አይወስድም። ባለሙያው አባትዎን ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ያደርግና የዓሣ ማጥመጃ ክር የመሰለች ቀጭን ናይሎን ይዞ በመጀመሪያ አውራ ጣታቸውን ከሥር በኩል፣ ቀጥሎም ከጣቶቹ ግርጌ ያለውን የውስጥ እግራቸውን እየነካ ናይሎኗ እስክትጎብጥ ይጫናታል። ናይሎኗ የምትጎብጠው በ10 ግራም ግፊት እንዲሆን ተደርጋ ተሠርታለች። «አሁን ተሰማዎት? የትኛው እግርዎ ነው?» እየተባሉ ሲጠየቁ ተነክተውም ዝም ካሉ፣ እግራቸውን ከጉዳት የሚጠብቀው ስሜት ጠፍቷል ማለት ነው። ከዚያ በእግራቸው ጀርባ ላይና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ የደም ሥር ትርታ ይፈልጋል፤ ትርታው ከደከመ ወይም ከጠፋ የደም ዝውውሩ በመሣሪያ ይመረመራል። በመጨረሻ ጫማቸውን አንሥቶ ውስጡን በእጁ ይዳስሳል። ስሜቱም ትርታውም ደህና የሆነ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ መታየቱ ይበቃዋል። ስሜቱ ወይም የደም ዝውውሩ የተጎዳ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ፣ ሁለቱም የተጎዱበት ወይም ከአንዱ ጉዳት ጋር የእግሩ ቅርጽ የተበላሸ በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ከዚህ በፊት ቆስሎ የዳነ ወይም ጣት የተቆረጠ ደግሞ በየ1 እስከ 3 ወሩ መታየት አለበት።

ስለ ምላጩ፦ በፍጹም አይሆንም። ከፋርማሲ የሚሸጠው መጅ የሚያነሣ ፕላስተርም አሲድ ስላለበት ስሜት ያጣ ቆዳን ሳይታወቅ ይበላዋል። ስለ ቡናውም፣ ጅማ ላይ ተቀምጦ በቡና ላይ ክፉ መናገር እንደሚከብድ ባውቅም፣ የተፈጨ ቡና ቁስል ላይ ሲነሰነስ ደሙን ያቆመ ይመስላል እንጂ ቆሻሻ ያስገባል፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ቁስሉን ሸፍኖ ሐኪሙ እንዳያየው ማድረጉ ነው። ቡና ሲፈላም አባትዎ እግራቸውን ወደ ከሰል ምድጃው አስጠግተው እንዳይቀመጡ ይጠንቀቁ። እግሬን በረደኝ የሚል የስኳር ሕመምተኛ ከምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ቆዳው ውኃ እስኪቋጥር ድረስ መቃጠሉን ላያውቅ ይችላል።

በቤት ውስጥ የሚደረገው ቀላል ነው። እግራቸው በየቀኑ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ የውኃውን ሙቀት ግን እርስዎ ይለኩት እንጂ እርሳቸው በእግራቸው አይሞክሩት። በጣቶቻቸው መካከል ያለው እርጥበት በደንብ ይደረቅ፤ ይህን በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ለሚያደርግ ሰው አጥብቄ የምናገረው በጣቶች መካከል የሚቀር እርጥበት ለፈንገስ በር ስለሚከፍት ነው። ተረከዙ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀባ፣ በጣቶች መካከል ግን አይቀባ። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አይሂዱ፤ መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ጫማ በሚወልቅበት ቦታ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ። ጫማ ከማጥለቃቸው በፊት ተራግፎ ውስጡ በእጅ ይዳሰስ፤ እግሩ የማይሰማው ሰው አንዲት የቡና ፍሬ ወይም ጠጠር ቀኑን ሙሉ ረግጦ ይውላል፣ ማታ ደም ሲያይ ነው የሚያውቀው። አዲስ ጫማ ሲገዛም እግር አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ ቢገዛ ይመረጣል። አባትዎ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ፣ ከጫት ጋር ብቻ ነው ቢሉም እንኳ፣ ወደ እግር የሚወርደውን ደም ከሚቀንሱት ነገሮች ዋናው እርሱ መሆኑን ይንገሯቸው።

ቀጠሮ ሳይጠበቅ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሄዱ ምልክቶች አሉ፦ ከቁስሉ ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ መጥፎ ሽታ፣ የጠቆረ ጣት፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ልጨምር። ቁስል ሳይኖር አንደኛው እግር ብቻ ቢቀላ፣ ቢያብጥና ከሌላው ይልቅ ቢሞቅ፣ ነርቩ በተጎዳ እግር ውስጥ አጥንት እየተሰባበረ ሊሆን ስለሚችል፣ ባያምም እንኳ እግሩን ሳያስረግጡ በዚያው ቀን ማሳየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በባዶ እግሬ ቡና ለቅሜያለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሁለቱም እግሮቼ ያብጣሉ። በፊት ሌሊት ተኝቼ ስነሣ ይጎድል ነበር፣ አሁን አይጎድልም። ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል፤ አንዳንዴም ትኩሳት ይዞኝ ሁለት ሦስት ቀን ያስተኛኛል። እናቴም እንዲሁ ነበረች። ሰዎች ይጋባል እያሉ ይሸሹኛል፣ መድኃኒት የለውም የሚሉም አሉ። (ከሰቃ ጨቆርሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይጋባም። የጻፉልን ምልክቶች በሀገራችን ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንዱን፣ ከአፈር የሚመጣውን ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ጠለቅ ብለው አጥንተውት ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ሰጥተውታል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድኖች ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ በኩል እየገቡ ሊምፍ የተባለው፣ ከሰውነት ወደ ደም የሚመለሰው ውኃማ ፈሳሽ የሚያልፍባቸውን ሥሮች ያቆስላሉ፤ ሥሮቹ ሲደፈኑ ፈሳሹ እግር ውስጥ ይቀራል። ከፍታና ብዙ ዝናብ ባለበት ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሠራ ገበሬ በብዛት የሚጠቃው በዚህ ምክንያት ነው። ከእናትዎ ጋር የሚያመሳስልዎም መጋባቱ ሳይሆን፣ አንድ ዓይነት አፈር መርገጣችሁና የአንዳንድ ቤተሰብ ቆዳና ሥር ለዚህ አፈር በተፈጥሮው የተጋለጠ መሆኑ ነው።

ሆኖም እግር የሚያብጠው በዚህ ብቻ ስላልሆነ በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይመርመሩ። የልብና የኩላሊት ሕመምም ሁለቱን እግሮች ያሳብጣሉ። በቆላ አካባቢ በትንኝ የሚተላለፈውም ዝሆኔ አለ፤ እርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርድና በአንድ ወገን የሚያደላ ሲሆን፣ የአፈሩ ግን ከውስጥ እግርና ከጣቶች ይጀምራል፣ ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፣ ከጉልበት በላይም እምብዛም አይወጣም። በቆዳ ሕክምና (ደርማቶሎጂ) ክፍል ወይም ዝሆኔን በሚያክሙ የጤና ተቋማት ያሉ ባለሙያዎች ይህን ለይተው ይነግሩዎታል።

መድኃኒት የለውም ያሉዎት ሰዎች በአንድ በኩል ልክ ናቸው፤ የሚያድን ክኒን የለውም። እንዳይብስ የሚያደርግ፣ ገና በጅምሩ ከተያዘም እብጠቱን በደንብ የሚቀንስ እንክብካቤ ግን አለ፣ ዋጋውም ውድ አይደለም። እግርዎን በየቀኑ በሳሙና ያጥባሉ፤ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ ይዘፈዝፉታል፣ ልኩን የጤና ባለሙያው ያሳይዎታል፤ በጣቶች መካከል ሳይቀር አድርቀው ቫዝሊን ይቀባሉ። ሲቀመጡና ሲተኙ እግርዎን ከፍ ያደርጋሉ፣ ባለሙያው ካዘዘ በፋሻ ያጠብቁታል፣ ከዚያም ካልሲና የተሸፈነ ጫማ ያደርጋሉ። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህን የመሰለ እንክብካቤ የሚያደርጉ ሰዎች እርስዎ የገለጹት ዓይነት ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስላቸው አሳይቷል። ትኩሳቱ ሲመጣ ይተኙ፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉ፣ ውኃ በብዛት ይጠጡ፤ በማግሥቱ ካልተሻለዎ ወይም ቁስል ካለበት ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ስለ ጫማው ጥቂት ልጨምር። ክረምት ላይ ጭቃ ሲሆን ነጠላ ጫማ ከባዶ እግር ብዙም አይሻልም፤ ጭቃው ከላይ ይገባል። ፕላስቲኩ ኮንጎ ጫማም ቀዳዳ ካለው ያው ነው። ለቀማ ላይ ቦት ጫማ ከሁሉ ይሻላል፣ ማታ ግን ውስጡ መድረቅ አለበት። ልጆች ካሉዎት ከመጀመሪያ እርምጃቸው ጀምሮ ጫማ ያድርጉላቸው፤ ይህ በሽታ ጨርሶ መከላከል ከሚቻልባቸው ጥቂት በሽታዎች አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ጫማ ማድረግ ግዴታዬ ነው። የአውራ ጣቴ ጥፍር በጎን በኩል ሥጋ ውስጥ እየገባ ያሠቃየኛል። ፔዲኪዩር የምትሠራልኝ ልጅ ጠርዙን ቆርጣ ታወጣልኛለች፣ ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቴ ደግሞ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ተረከዙን ወግቶ ይይዘዋል። (ከጅማ፣ መርካቶ)

መልስ፦ ተመልሶ የሚመጣው ጠርዙ ክብ ሆኖ ስለሚቆረጥ ነው። ሥጋው ወደ ክፍቱ ይገባል፣ ጥፍሩ ሲያድግ መልሶ ይወጋዋል። ጥፍርን ወደ ጎን ሳያጎድጉዱ ቀጥ አድርገው ይቁረጡት፤ የስኳር ሕመም ከሌለብዎ ለብ ባለ የጨው ውኃ እየዘፈዘፉ ጫማዎን ለጥቂት ሳምንታት ሰፋ ባለ ይለውጡት። መግል ከያዘ ወይም ከተደጋገመ ግን ለሐኪም ያሳዩት። ጣቱ ከደነዘዘ በኋላ የጥፍሩ ጎን ብቻ ይወጣና ሥሩ ፌኖል በሚባል ኬሚካል ይነካል፤ ያ ጠርዝ ዳግም አይበቅልም ማለት ይቻላል፣ በዚያው ቀንም ቤትዎ ይገባሉ። በፔዲኪዩር ቤት የአንዱ መቁረጫ በሌላው ላይ ሲያልፍ ፈንገስም፣ ደም ከነካም የጉበት በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል የራስዎን መሣሪያ ይዘው ይሂዱ።

የባለቤትዎ ችግር በውስጥ እግር በኩል ተረከዝን ከጣቶች ጋር የሚያያይዘው ጠንካራ ሽፋን መቆጣት ይመስላል፤ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ብሶ ትንሽ ሲሄዱ መቅለሉ ምልክቱ ነው። ከአልጋ ከመውረዳቸው በፊት ጣቶቻቸውን በእጃቸው ወደ ራሳቸው ስበው ለጥቂት ጊዜ ይያዙ፣ በሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር መሄድ ይተዉ። አብዛኛው ሰው ያለ መርፌና ያለ ቀዶ ሕክምና በዓመት ውስጥ ይሻለዋል። ሌሊት በእንቅልፍም ሳሉ የሚያማቸው፣ የሚደነዝዛቸው ወይም የሚያብጥባቸው ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ይታዩ።

ጥያቄ፦ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ቁርጭምጭሚቴ ዞሮብኝ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ በቀርከሃ አጥብቀው አሠሩልኝ። ከትናንት ጀምሮ ጣቶቼ ቀዝቅዘው ደነዘዙ። ልፈታው ወይስ ቀኑ ይሙላ? (ከጂረን)

መልስ፦ ለእርስዎም በስልክ እንደነገርንዎት፣ ወዲያው ይፈታ፤ ከተፈታም በኋላ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ሲነጣ ወይም ሲጠቁር፣ ሲደነዝዝ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ሲሄድ ደም አልደረሰም ማለት ነው፤ ደም ያልደረሰው ጡንቻ ደግሞ ስድስት ሰዓት ገደማ ካለፈው በኋላ መሞት ይጀምራል። በጠበቀ እስራት ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች በሀገራችን ሆስፒታሎች አዲስ አይደሉም። ለወደፊቱም እግርዎ ሲዞር አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎ፣ ወይም ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት የኋላ ጠርዝ ላይ ሲጫኑት ካመመዎ፣ ከማንም በፊት ራጅ ይነሡ።

ጥያቄ፦ የወለድኳት ልጅ ሁለት ሳምንቷ ነው፤ አንድ እግሯ ወደ ውስጥ የተቆለመመ ነው። አማቴ በቅቤ እያሹ ሲያስሩት ይቃናል ይላሉ። (ከአጋሮ)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎ። በቅቤ ማሸቱ አይጎዳትም፤ ቆልማማ እግርን ግን አያቃናም፣ ማሠሩም አደጋ አለው። ሕክምናው ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በቀመሩት ዘዴ የሚሠራ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጀመር ይመረጣል። ሐኪሙ እግሯን ሳያስገድድ ቀስ አድርጎ እያቃና ጄሶ ያለብሰዋል፣ በየሳምንቱም እየፈታ ይቀይረዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጄሶ ይበቃል። አብዛኞቹ ሕፃናት በመጨረሻ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት በትንሹ እንዲቆረጥ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ በብረት የተያያዘ ጫማ ለሦስት ወር ያህል ቀንና ሌሊት፣ በኋላ ደግሞ እስከ አራት ዓመቷ በእንቅልፍ ጊዜ ታደርጋለች። እግሩ ተቃንቷል ብለው ጫማውን ቀድመው የሚተዉ ቤተሰቦች ልጆች እግር ተመልሶ ይቆለመማል። አሁን ከሚያሳዩበት ጤና ጣቢያ ወደ አጥንት ሕክምና ክፍል ሪፈር እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ።